«ሉአሕ» ሲባል ጽላት ነው፣ ሰሌዳ ነው ወይስ ሳንቃ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው እስራኤል ነው። ለልጆች የሚሆን አጭር የኦሪት ታሪክ ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ሙሴ የተቀበለው ጽላት በዕብራይስጡ ‹ሉአሕ› ይባላል። ልጄ ግን ‹ሉአሕ› የሚለው አንዴ የክፍላቸውን ሰሌዳ ነው፣ አንዴ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ። አንድ ቦታ ላይ ቃሉ ‹እርጥብ› ከሚለው ስለመጣ ጽላቱ የሸክላ ነበር የሚል አነበብኩ። የእኛ ‹ጽላት›ስ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው? በየቦታው ‹ጽላት› እያልኩ ብተረጉም ችግር አለው?»

ምላሽ፦ አዎ፣ ችግር አለው። «ጽላት» ከዕብራይስጥ አልመጣም። «ሉአሕ»ም ከ«እርጥብ» አልመጣም፣ ሸክላም ማለት አይደለም። ቃሉ የሚናገረው ቅርጽን ብቻ ነው፤ ተጠርቦ ወይም ተልጎ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ዳር ዳሩ የተስተካከለ ነገር። ከድንጋይ ይሁን ከእንጨት አይነግርዎትም። ሊጻፍበት ይሁን ወይም መርከብ ሊሠራበት፣ እሱንም አይነግርዎትም። ይህን የሚነግርዎት አጠገቡ የቆመው ቃል ነው፤ ስለዚህ ሲተረጉሙ ቃሉን ለብቻው ነጥለው አይያዙት።

በመጀመሪያ የ«እርጥብ»ን ነገር እንጨርስ። በዕብራይስጥ እርጥብ «ላሕ» ነው። ሥሩ ላሜድና ሁለት ሔት የሚባሉት ፊደላት ናቸው፣ የእኛ «ለ»ና «ሐ»። «ሉአሕ» ግን መካከሉ ላይ ቫቭ፣ ማለትም የእኛ «ወ»፣ አለው፤ ሥሩ ለ-ወ-ሐ ነው። በዕብራይስጡ ይህ ቫቭ ወደ «ኡ» ድምፅ ቀልጦ ስለገባ ሁለቱ ቃላት ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ ወደ ዘመድ ቋንቋዎች ሲሄዱ ግን ልዩነቱ ፊት ለፊት ይወጣል። አረብኛው «ለውሕ» ነው፣ «ው» እንደ ልብ ይሰማል። በግዕዝም «ሉሕ» አለ። በሶርያ ጠረፍ በነበረችው ጥንታዊቷ ኡጋሪት ደግሞ የዚሁ ቃል ዘመድ ሰሌዳንም የተላከ መልእክትንም ይጠራ ነበር። ሁሉም ስለ ጠፍጣፋ ነገር ሲናገሩ ስለ እርጥበት የሚናገር የለም። የአይሁድ የሕግ መምህራን የሆኑት ረቢዎች በቃላት መጫወት ይወዱ ስለነበር እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያነቡ ይጠንቀቁ። ለምሳሌ በዘፀአት 32፥16 ጽሕፈቱ በጽላቱ ላይ «ሓሩት»፣ ማለትም የተቀረጸ ነበር ይላል። ሚሽና በሚባለው የረቢዎች የሕግ ስብስብ ውስጥ ያለው የአባቶች ምዕራፍ ይህን ሲያስተምር «ሓሩት አትበል፣ ሔሩት በል እንጂ» ይላል፤ ሔሩት ነፃነት ነው። ይህ ስብከት ነው፣ ያማረ ስብከት። የቃል ምንጭ ጥናት አድርጎ የሚወስደው ሰው ግን ይሳሳታል።

ሸክላ ሲመጣ ዕብራይስጡ ሌላ ቃል አለው። ሕዝቅኤል 4፥1 ላይ ነቢዩ የኢየሩሳሌምን ሥዕል እንዲስልበት የታዘዘው «ልቤና» ላይ ነው፣ ጡብ ማለት ነው። ሸክላ ላይ ሲጽፉ የኖሩት የባቢሎንና የአሦር ሰዎችም ሁለቱን ለይተው ይጠሩ ነበር። የሸክላው ሰሌዳ በቋንቋቸው በአካድኛ «ጡፑ» ይባላል። «ሌኡ» የሚሉት ደግሞ ሰም የተቀባ የእንጨት ወይም የዝሆን ጥርስ ሰሌዳ ነበር። ከ«ሉአሕ» ጋር የሚዛመደው ይህ «ሌኡ» ነው። አካድኛ የሔትን ድምፅ ስለጣለና አጠገቡ ያለውን «አ» ወደ «ኤ» ስለቀየረ ነው መልኩ የራቀው። «ጡፑ»ም ቢሆን ወደ ዕብራይስጥ ሳይገባ አልቀረም፤ በኤርምያስ 51፥27 እና በናሆም 3፥17 የሚገኘው «ቲፍሳር» የሚለው የሹም ስም «የሰሌዳ ጸሐፊ» ከሚለው የአካድኛ ማዕረግ የመጣ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የእኛ «ጡብ» ከ«ጡፑ» ጋር ስለሚመሳሰል አንድ እንዳይመስልዎት። ጡብ በአረብኛ በኩል የደረሰን የጥንት ግብፅ ቃል ነው።

የእንጨቱ ሰሌዳ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነቢያቱ «ሉአሕ» ሲሉ በአብዛኛው ይታያቸው የነበረው ይህ ነው። ከቱርክ ደቡብ ጠረፍ ወጣ ብሎ ኡሉቡሩን በሚባል ቦታ የሰጠመች አንዲት የንግድ መርከብ ተገኝታ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የነበረች ናት። ከጭነቷ መካከል ከአሥር ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ባለ ሁለት ቅጠል የእንጨት ሰሌዳ ወጣ፤ ሁለቱ ቅጠሎች በዝሆን ጥርስ ማጠፊያ ተያይዘው እንደ መጽሐፍ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ የቁፋሮ ተመራማሪው ማክስ ማሎዋን በኢራቅ ኒምሩድ ከቤተ መንግሥቱ ጉድጓድ ውስጥ የዝሆን ጥርስና የዋልነት እንጨት ሰሌዳዎች አወጡ፤ የአሦር ንጉሥ የዳግማዊ ሳርጎን ስም ተጽፎባቸዋል። አሠራራቸው አንድ ነው። የቅጠሉ ዳር እንደ ክፈፍ ይቀራል፣ መሐሉ በስሱ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ወለል ሰያፍ በሰያፍ ይጫራል፤ ካልተጫረ ሰሙ አይዝም፣ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ተላቅቆ ይወድቃል። በላዩ የንብ ሰም ቀልጦ ይፈስበታል። ንጹሕ ሰም ግን ብቻውን አይመችም፦ ቀለሙ ስለሚያሳሳ ጭረቱ አይታይም፣ ሲጻፍበትም ይጎተታል። የኒምሩዱ ሰም ሲመረመር ሩብ ያህሉ ቢጫ የአርሰኒክ ማዕድን ሆኖ ተገኝቷል። ለልጆች ይህን ሰሌዳ ሠርተው ሊያሳዩ ካሰቡ አርሰኒኩን ይርሱት፣ መርዝ ነው። ትንሽ ጥቀርሻ ወይም ቀይ አፈር በሰሙ ላይ ቢያዋሕዱ ያው ሥራ ይሠራል። መጻፊያው አንድ ጫፉ ሹል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ነው፤ በሹሉ ይጽፋሉ፣ በጠፍጣፋው አለስልሰው ያጠፋሉ። ፀሐይ ላይ ግን አይተዉት።

ይህ ገብቶን ዕንባቆም 2፥2ን ስናነብ ትእዛዙ ሌላ መልክ ይይዛል። «ራእዩን ጻፍ፣ በሉሖት ላይ ግለጠው» (ሉሖት የሉአሕ ብዙ ቁጥር ነው) የተባለው አንባቢው ፈጥኖ እንዲያነበው ነው። ኢሳይያስ 30፥8ም በሉአሕ ላይና በመጽሐፍ ጻፍ ሲል ሁለት የተለያዩ የጽሕፈት ዕቃዎች መጥራቱ ነው። የጥንቱ የግሪክ ትርጉም በሁለቱም ቦታ «ፒክሲዮን» ይላል፤ ሰሌዳ ከሚሠራበት ፒክሶስ ከሚባል ጥቅጥቅ ያለ እንጨት የተገኘ ስም ነው። ቃሉ በጊዜ ብዛት ማንኛውም የጽሕፈት ሰሌዳ መጠሪያ ስለሆነ ተርጓሚዎቹ ዘፀአት 24፥12 ላይ «የድንጋይ ፒክሲያ» ብለው እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ቃል በቃል ከተወሰደ «የድንጋይ የእንጨት ሰሌዳ» ማለት ነው። ስለዚህ ሲተረጉሙ ቢቸገሩ የመጀመሪያው እርስዎ አይደሉም።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሁለት የዕብራይስጥ ቃላት አሉ። «ዴሌት» ደጅ ወይም መዝጊያ ነው፤ ነገር ግን በጥንታዊቷ የይሁዳ ከተማ በለኪሶ ከተገኙት የሸክላ ስባሪ ደብዳቤዎች አራተኛው ላይ ጸሐፊው ጌታው ያዘዘውን ሁሉ «በዴሌቱ ላይ ጽፌአለሁ» ይላል። እንደ መዝጊያ የሚታጠፍ ሰሌዳ ይሆናል፣ ወይም የጥቅል አምድ፤ ኤርምያስ 36፥23 ላይ የጥቅሉ አምዶች በዚህ ቃል ነው የተጠሩት። ሁለተኛው «ፒንቃስ» ነው፣ ከግሪክ የገባ፣ ዛሬ ደብተር ማለት ነው። ሚሽና ኬሊም 24፥7 ላይ የሰም ማስቀመጫ ያለውን ፒንቃስ ከሌለው ይለያል። ሻባት 12፥4 ደግሞ በሰንበት አንድ ፊደል በአንዱ የፒንቃስ «ሉአሕ»፣ ሌላውን በሁለተኛው ላይ የጻፈ ሰው፣ ሁለቱ አብረው የሚነበቡ ከሆነ ጥፋተኛ ነው ይላል። እዚህ ላይ ሉአሕ የደብተሩ ቅጠል ነው ማለት ነው።

መጻፍ የሌለበትን ሉአሕ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የዘፀአት 27፥8 መሠዊያ ከ«ሉሖት» የተሠራ፣ ውስጡ ክፍት ነው። ሕዝቅኤል 27፥5 ጢሮስን እንደ መርከብ ሲስላት የመርከቡ እንጨቶች በዚሁ ቃል ይጠራሉ፣ ያውም «ሉሖታዪም» በሚል የጥንድ ቁጥር፤ ሁለቱን የመርከብ ጎኖች ያስባል። በመኃልየ መኃልይ 8፥9 የዝግባ ሉአሕ አለ። ቁርኣንም ይህንኑ ስፋት ይዞታል፦ በ7፥145 ለሙሴ የተጻፈለት «አልዋሕ» ነው፣ በ54፥13 የኑሕ መርከብ «የአልዋሕና የሚስማር» ባለቤት ናት። አንድ ቃል ነው፤ እዚያ ጽላት፣ እዚህ ሳንቃ። ኢትዮጵያ ውስጥ በቁርኣን ቤት ልጆች የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ «ለውሕ» መባሉም ከዚሁ ነው። የመገናኛው ድንኳን ሳንቃዎች ግን ሉሖት አይደሉም። በዘፀአት 26፥15 የተጻፈው «ቄሬሽ» የሚል ሌላ ቃል ነው፤ በአማርኛ ሁለቱም ሳንቃ ስለሚሆኑ ዕብራይስጡን ሳያዩ እንዳያደባልቋቸው።

አሁን ወደ ሙሴ ጽላት። ኦሪት ስለ ቁሱ አያወላውልም፣ ድንጋይ ነው ይላል። ሦስት መጠሪያ ያገኛሉ፦ «ሉሖት ሃኤቬን» የድንጋይ ጽላት፣ «ሉሖት ሃኤዱት» የምስክር ጽላት፣ «ሉሖት ሃብሪት» የኪዳን ጽላት። የመጨረሻው የዘዳግም ነው። የመጀመሪያዎቹ ጽላት የእግዚአብሔር ሥራ ተብለዋል፣ በሁለቱም ፊት ተጽፎባቸዋል፤ የኋለኞቹን ድንጋይ ግን ሙሴ ራሱ እንዲጠርብ ታዟል፤ ዘፀአት 34፥1 ይህን ሲናገር የሚጠቀመው ግስ የድንጋይ ጠራቢ ግስ ነው። የልጆች መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ከላይ ክብ የሆነው ቅርጽም ከመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሥዕል የመጣ ነው፣ በዕብራይስጡ የለም። መጠኑን ኦሪት አይናገርም። ሚሽናን የሚያብራራው የባቢሎን ታልሙድ፣ ባቫ ባትራ 14ሀ ላይ፣ እያንዳንዱ ርዝመቱ 6 ጋት፣ ወርዱ 6 ጋት፣ ውፍረቱ 3 ጋት ነበር ይላል፤ የኢየሩሳሌሙ ታልሙድ ወርዱን 3 ጋት ያደርገዋል። ጋትን 8 ሳንቲ ሜትር ብለን ብናሰላ የባቢሎኑ ልክ 48 በ48 በ24 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከተራ ድንጋይ ቢጠረብ አንዱ ወደ 150 ኪሎ ይመዝናል። ጠቢባኑ የተጨነቁት ሁለት ተኩል ክንድ፣ ማለትም 15 ጋት በሚሆነው ታቦት ውስጥ እንዴት ተደርድረው ይገባሉ በሚለው ነበር፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ልኬት አድርገው ለልጆች አያቅርቡ።

የልብ ጽላትም አለ። ምሳሌ 3፥3 እና 7፥3 «በልብህ ሉአሕ ላይ ጻፋቸው» ይላሉ። ኤርምያስ 17፥1 ደግሞ በግልባጩ የይሁዳ ኃጢአት በብረት ብዕር፣ ጫፉ ጠንካራ በሆነ መቅረጫ በልባቸው ሉአሕ ላይ ተቀርጿል ይላል። የምሳሌው ሰሌዳ በሰም የተቀባ ቢሆን እንኳ ያስኬዳል፤ የኤርምያሱ ግን በጭራሽ፣ ሰም ይጠፋልና። ነቢዩ የብረት ብዕር የጠራው ለዚህ ነው።

ዕብራይስጡን ራስዎ ለመፈለግ ካሰቡ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው አነባበቡ ነው። ከመጨረሻው ሔት በታች የምትጻፈው የ«አ» ምልክት ከፊደሉ በፊት ነው የምትነበበው፣ ስለዚህ «ሉሓ» ሳይሆን «ሉአሕ»። ብዙ ቁጥሩ ላይ ያቺ «አ» ትጠፋለች፣ «ሉሖት» ይሆናል። መጨረሻው የሴት ብዙ ቁጥር ቢመስልም ቃሉ ወንድ ነው፤ «ሽኔ ሉሖት» እንጂ «ሽቴ ሉሖት» አይባልም። ዕብራይስጥ አፋቸውን የፈቱ ሰዎችም ይሳሳቱበታል። ሁለተኛው ወጥመድ አጻጻፉ ነው። ኦሪት ብዙ ቁጥሩን በአብዛኛው ያለ ቫቭ፣ በላሜድ፣ ሔትና ታቭ ብቻ ይጽፈዋል። በኮምፒውተር በቫቭ የሚፈልግ ሰው ዋናዎቹን የሲና ጥቅሶች ሳያገኝ ይቀርና «ቃሉ እዚህ የለም» ብሎ ይደመድማል። የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ተንታኝ ራሺ ዘፀአት 31፥18 ላይ ይህን የቫቭ ጉድለት አስተውሎ ሁለቱ ጽላት እኩል መሆናቸውን የሚያሳይ ነው ብሏል።

«ጽላት»ን በተመለከተ፦ የግዕዝ ቃል ነው፣ ነጠላው «ጽሌ» ነው። በአክሱም ዘመን ብሉይ ኪዳን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪኩ ስለሆነ የእኛ ተርጓሚዎች ፊት የነበረው ቃል በአብዛኛው «ፕላክስ» ነበር፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማለት፤ እሱን በራሳቸው ቃል መለሱት። የቤተ እስራኤል ቄሶች ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ በመሆኑ ሽማግሌዎቻችሁ «ጽላት» ሲሉ ልጆቻችሁ «ሉሖት» ይላሉ፤ ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እያወሩ ነው። አማርኛ ጽላትን ነጠላ አድርጎ ስለያዘው በላዩ «ጽላቶች» ብሎ ይደርባል፤ እንደ ሰዋስው ድርብ ብዙ ቁጥር ነው፣ እንደ ልማድ ግን የታወቀ ነውና አይጨነቁበት። «ሰሌዳ» ከግሪክ የመጣ ነው፣ የገጽ ወይም የአምድ ስም ነበር። «ጣውላ» የላቲኑ «ታቡላ» ዘር ነው፣ ልጆች የሚነካኩት «ታብሌት»ም ከዚያው ቤት ነው። የ«ሉአሕ» የሥጋ ዘመድ በአማርኛ ከፈለጉ ያለው «ሉህ» ነው፣ በኮምፒውተር «የተመን ሉህ» የምንለው። ለሲና ጽላት ግን አይጠቀሙበት፣ ወረቀት ይመስላል።

«ታቦት» ሌላ ጉዳይ ነው። በዕብራይስጥ የኪዳኑ ታቦት «አሮን» ነው፣ የኖኅ መርከብና ሕፃኑ ሙሴ የተቀመጠባት ቅርጫት «ቴቫ» ናቸው። ግሪኩ የኖኅን መርከብና የኪዳኑን ታቦት በአንድ ቃል ስለጠራ ግዕዙም ሁለቱን «ታቦት» አላቸው፤ ቃሉ ራሱ በአራማይክ በኩል ከ«ቴቫ» ቤተሰብ የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ታቦት ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ጽላቱ ነው። በትርጉምዎ «ሙሴ ታቦቱን ሰበረው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ያርሙት። የሰበረው ሉሖቱን ነው፣ አሮኑ ያኔ ገና አልተሠራም።

የልጅዎ የቀን መቁጠሪያ ከየት መጣ? ሰሌዳ ላይ በአምድ የተደረደረ ጽሑፍ «ሉአሕ» ሲባል ሰንጠረዥም ሉአሕ ሆነ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በባርሴሎና የነበረው አብርሃም ባር ሒያ የሥነ ፈለክ ሰንጠረዦቹን «ሉሖት» ብሏቸዋል። ከዚያ «ሉአሕ ሻና» የዓመት ሰንጠረዥ፣ በአጭሩ «ሉአሕ»። የማባዣ ሰንጠረዥ «ሉአሕ ሃኬፌል» ነው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ «ሉአሕ ሞዳኦት»፣ የመኪና ሰሌዳ ደግሞ «ሉሒት ሪሹይ»። እኛም የመኪናውን «ሰሌዳ» ማለታችን ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን ለልጅ ለማስረዳት ይመቻል። ከሁሉ የሚያስደስተው በእስራኤል ከምትገኘው ጥንታዊት ከተማ ከጌዜር የወጣው የጌዜር ሉአሕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በተመራማሪው ማካሊስተር ቁፋሮ የተገኘ፣ 11 በ7 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የኖራ ድንጋይ ነው። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 10ኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳል። ሁለት ወር መሰብሰቢያ፣ ሁለት ወር መዝሪያ፣ ሁለት ወር የኋለኛ ዘር፣ አንድ ወር ተልባ መቁረጫ፣ አንድ ወር የገብስ አጨዳ እያለ ዓመቱን በገበሬ ሥራ ይቆጥራል። ድንጋዩ በቁሱ ሉአሕ ነው፣ በይዘቱም ሉአሕ ነው። ፊቱ ተፍቆ በተደጋጋሚ የተጻፈበት ስለሚመስል ብዙዎች የተማሪ መለማመጃ ያደርጉታል። ቦታው በጊዜው በኦቶማን ግዛት ስር ስለነበር ዛሬ የሚገኘው ኢስታንቡል ነው።

ስለዚህ በትርጉምዎ እንዲህ ያድርጉ። ድንጋይ፣ ምስክር ወይም ኪዳን አብሮት ካለ «ጽላት» ይበሉ፣ መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ «የድንጋይ ጽላት» ብለው ቁሱን ይጥቀሱ። ልብ ካለ «የልብ ጽላት» ይተዉት፣ አንባቢው ለምዶታል። ዕንባቆምና ኢሳይያስ 30 ላይ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዕንባቆምን በ«ጽላት» ቢያነበውም ለልጆች «ሰሌዳ» ይሻላል፤ አለበለዚያ ነቢዩ ድንጋይ ሲጠርብ ይታያቸዋል። መርከብ፣ መሠዊያ ወይም ዝግባ ካለ «ሳንቃ»። ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ፣ በዛሬው ንግግር የመጣ «ሉአሕ» ከሆነ እንደ አገባቡ ሰሌዳ፣ ሰንጠረዥ ወይም የቀን መቁጠሪያ ነው። ዕብራይስጡን በግዕዝ ፊደል ማስቀመጥ ከፈለጉ በሐመሩ «ሐ» ይጻፉት፤ የዕብራይስጡ ሔት በዚህ ቃል ከአረብኛው «ለውሕ» ጋር የሚገጥም ነውና በብዙኃኑ «ኀ» አይጻፍም፣ የእስራኤል ሰዎች ዛሬ እንደ «ኽ» ቢጠሩትም።